አንድ ማንኪያ ምን ያደርጋል

«ልጅቷን እኮ በረሃብ እየፈጀቻት ነው» የሚለውን ቃል የሰማችው ደረጃው ላይ ነው። በአንድ እጇ ብርቱካን የሞላ ፌስታል፣ በሌላው ብብቷ የሳሙና ካርቶን ይዛ ሦስተኛው ፎቅ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ትንፋሽ ለመሰብሰብ ቆማለች። የቤቷ በር ገርበብ ብሏል። ዝጉት ብላ ለምና የወጣችው በር ነው። ድምፁ የባሏ ታላቅ እህት ነው፤ ቤተሰቡ በሙሉ ከኋላዋ «ራዲዮ» እያለ የሚጠራት፣ ጠዋት የሰማችውን ለቀትር ሳታስተርፍ የምታሰራጭ ሴት። ስልክ እያወራች ነበር። «ምግብ ስጡኝ እያለች ታለቅሳለች፣ እናትየው ቆይ ይብሰል፣ ቆይ ይፍላ፣ ቆይ እጄን ልታጠብ ትላለች። የእንጀራ እናት እንኳ እንዲህ አታደርግም። ሰው የገዛ ልጁን ይጠየፋል እንዴ?» እናትየው ደረጃው ላይ እንደቆመች የራሷን ጭካኔ አዳመጠች። ብርቱካኑ ከባድ ነበር፤ ዋጋውም እንደዚያው፤ ሻጩ ዛሬ ደግሞ ጨምሮበታል፣ ለምን ስትለው ትከሻውን ነቀነቀ።

በሩን በክርኗ ገፍታ ስትገባ ራዲዮ ፈገግ ብላ «ይኸው መጣች፣ በኋላ እደውላለሁ» አለችና ስልኩን ዘጋች። «ስላንቺ ደግ ደጉን እያወራን ነበር።» ትንሽ እንኳ ብታፍር ምን ነበረበት። የውጭ ጫማዋን ሳታወልቅ ምንጣፉን ረግጣ የልጅቷ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ቤቱ አንድ ሳሎንና አንድ ጠባብ መኝታ ቤት ነው፤ የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ውሃ እያዘለ ሻጋታ ስለሚያበቅል ልጅቷ ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ አልጋዋ ሳሎን መስኮቱ ሥር ገብቷል። ሰባት ዓመቷ ነው። ጉንጬ ይሏታል፤ ስሙ የወጣላት ጡት ስትጠባ ነው፣ አሁን ግን ጉንጯን ያሳበጠው መድኃኒቱ ነው። የደም ካንሰሩ ሕክምና ጠጉሯን ወስዶ ጉንጭ ጨመረላት። ያው መድኃኒት ረሃብም ይሰጣል፤ በልታ አፏን ሳትጠርግ የሚመለስ፣ በእንቅልፏ እንኳ ከንፈሯን የሚያስመጥጣት ረሃብ። ዘመድ ሲያያት «ተመችቷታል፣ ወፍራለች» ይላል፣ ስታለቅስ ሲሰማ ደግሞ «አስርበዋት ነው» ይላል። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ሲናገር ምንም አይመስለውም።

ወጥ ቤት ስትገባ የባሰ ጠበቃት። የልጅቷ ሳህን፣ ኩባያና ማንኪያ ለብቻቸው ላይኛው መደርደሪያ ላይ ተሸፍነው ነበር የሚቀመጡት። ራዲዮ «ልርዳሽ» ብላ አውርዳ ከሌላው ዕቃ ጋር ደባልቃ አጥባቸዋለች። ማጠቡ እንኳ ባልከፋ፤ በዚያ ጨርቅ አድርቃቸዋለች። ጨርቁ የምድጃው እጀታ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጠረጴዛ የተወለወለበት፣ የፈሰሰ ዘይት የተነሳበት፣ ጠዋት መሬት ወድቆ በእግር የተገፋ እርጥብ ጨርቅ። በሁለት ጣቷ አንስታ አሸተተችው፣ አንገሸገሻትም። እሷ ላውንድሪ ነው የምትሠራው። ሥራዋ ባንኮኒ ጀርባ ቆሞ የሰው ልብስ መቀበል፣ ኪስ መፈተሽና እድፉን እያየች መለየት ነው፤ ከኪስ ውስጥ የተናፈጠበት ሶፍት፣ የታኘከ ማስቲካ፣ ጥርስ የተጎረጎረበት እንጨት ስታወጣ ነው የምትውል። ከረቫት አሳምሮ ያሰረ ሰው ሸሚዙን ሲያስረክብ ኮሌታው ውስጥ ምን እንዳለ ታውቃለች። ስለዚህ ሰው «እኔ ንጹህ ነኝ» ሲላት አትከራከርም፣ አታምንምም።

ድስት ጥዳ ዕቃዎቹን ውሃው ውስጥ ከተተቻቸው። ራዲዮ በሩ ላይ ተደግፋ ታያታለች።

«እኔ ያጠብኩት አልጠራም ማለት ነው?»

«አይደለም እትዬ፤ የሐኪም ትእዛዝ ነው።»

«ሐኪሙ ስለኔ እጅ ምን ያውቃል?»

ውሃው እስኪንፈቀፈቅ ሁለቱም ድስቱን እያዩ ቆሙ። ራዲዮ በረጅሙ ተነፈሰችና ወደ ሳሎን ተመለሰች፤ ይህም ትንፋሽ እስከ ማታ ድረስ በየስልኩ እንደሚደርስ እናትየው አላጣችውም።

ትእዛዙ የተሰጠው ትናንት ሆስፒታል ነው፤ ባሏም አጠገቧ ቆሞ ሰምቷል። ሲስተሯ የደም ምርመራውን ውጤት እያየች የልጅቷ ነጭ የደም ሴሎች በጣም መውረዳቸውን ነገረቻቸው። ለሌላው ሰው ጉንፋን የሆነው ነገር ይህችን ልጅ ሊገድላት ይችላል አለች፤ ቃሉን አላለሰለሰችውም። የምትበላው ከእሳት የወረደ ትኩስ ይሁን፣ ያደረ አይሁን። ፍራፍሬ በታጠበ እጅ ተልጦ ይሰጣት። ጥሬ እንቁላልና ያልፈላ ወተት በፍጹም። የሚያስል ሰው አይቅረባት፣ ካተኮሳት ደግሞ እስኪነጋ ሳትጠብቁ ይዛችኋት ኑ። ባሏ አንገቱን እየነቀነቀ ሰማ። ማታ ታላቅ ወንድሙ ደውለው «ነገ ልጄን ልጠይቅ እመጣለሁ» ሲሉትም ያንኑ አንገቱን ነቀነቀ፣ ስልክ ላይ እንደማይታይ ረስቶ። «እሺ ጋሼ» አለ። ለጋሼ ሌላ መልስ ሰጥቶ አያውቅም።

ጋሼ ወላጆቻቸው ሲሞቱ ታናናሾቻቸውን አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስበው ያሳደጉ ሰው ናቸው። ዛሬ ትልቅ የቀለም መደብር አላቸው፤ ባሏም የሚሠራው እዚያው ነው፣ ደንበኛ በመረጠው መልክ ቀለም ሲበጠብጥ ይውላል። ይህ ብቻ ቢሆን ምንም አይደለም። ሆስፒታሉ «አልቆብናል» የሚለውን መድኃኒት በሚያውቁት ሰው በኩል ከውጭ የሚያስመጡት እሳቸው ናቸው። ያለ እሳቸው መድኃኒቱ የለም፣ ያለ መድኃኒቱ ልጅቷ የለችም። ይህን ነገር ቤቱ ውስጥ አፍ አውጥቶ የሚናገረው የለም፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል፣ አብልጠው የሚያውቁት ደግሞ ራሳቸው ጋሼ ናቸው።

ባሏ ለምሳ ከመደብሩ ሲመጣ ጣቶቹ በሰማያዊ ቀለም ተጨማልቀው ነበር። ወደ መታጠቢያ ቤት ገፋችውና ሳሙናውን እያቀበለች በሹክሹክታ «ለጋሼ ደውልላቸው» አለችው። «ሳል ይዟቸዋል ብለሃል። ወይ ይቅሩ፣ ወይ ከበር ሆነው ይዩዋት።»

«እንዴት ብዬ?»

«ሐኪም ከለከለ ብለህ።»

«ይከፋቸዋል እኮ።» ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈተገ፣ ቀለሙ አልለቀቀም። «ይምጡ ግዴለም፤ ሲመጡ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

አመነችው፤ የምታምነው ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው። ከዚያ ድንችና ካሮት ቀቅላ ፈጭታ፣ ትኩስነቱ ረገብ እስኪል እያራገበች ለልጅቷ አበላቻት። አፏ ውስጥ ቁስል ስላለ ጉንጬ እያንዳንዱን ጉርሻ በግራ በኩል እያዞረች ነው የምትውጠው። ሳህኑ ባዶ ሲሆን በጣቷ ጠርዙን ጠርጋ «ሌላስ?» አለች። ብርቱካን ተላጠላት። «ሌላስ?» እንቁላል እስኪበስል ጠብቂ ስትባል ፊቷን ትራሱ ውስጥ ቀብራ ማልቀስ ጀመረች። ራዲዮ ከሶፋው ላይ ሆና ከንፈሯን መጠጠች። ባልየው መጋረጃውን ያስተካክል ጀመር።

ከጋሼ በፊት ሳላቸው ገባ። ከታች ከመግቢያው ጀምሮ ፎቅ በፎቅ እየወጣ ሲመጣ ሁሉም ሰማው። እናትየው መታጠቢያ ቤቱን ከፍታ ሳሙናና ንጹህ ፎጣ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። መጀመሪያ የገቡት የጋሼ ሚስት ናቸው፤ ቀጭን፣ ቃል የማይወጣቸው ሴትዮ። ማንም ሳያዛቸው ጫማቸውን አውልቀው እስከ ክርናቸው ታጠቡ። ጋሼ ግን ሳሙናውን አይተው ሳቁ። «እኔ ልጅ ልጠይቅ እንጂ ቀዶ ጥገና ልሠራ አልመጣሁም!» አሉ። ራዲዮ ከሶፋው ላይ ተንከተከተች። ከዚያ ላለማስቀየም ያህል የጣቶቻቸውን ጫፍ ቧንቧው ሥር አስነክተው፣ የቀረበላቸውን ፎጣ ትተው በኮታቸው ጠረጉ። ማስክ ስትሰጣቸው ተቀበሉ፤ አገጫቸው ሥር አንጠለጠሉት። «ሳል አይደለም፣ የቀለም አቧራ ነው» አሉና ከኪሳቸው መሐረብ አወጡ። መሐረቡን ዘርግተው ደረቅ ቦታ ፈለጉበት፣ አገኙ፣ ተናፈጡበት፣ መልሰው አጣጥፈው ከተቱት። በዚያው እጅ የልጅቷን መላጣ ራስ ዳበሱ። እናትየው እጁ የሄደበትን ሁሉ በዓይኗ ተከተለች፤ ጎኗ የቆመው ባሏ እንዲናገር ጠበቀች። ባሏ ወንበር ሊያመጣ ሄደ።

ጋሼ ወንበሩን አልፈለጉም። አልጋው ላይ ተቀመጡና ከኮታቸው ብብት ውስጥ የለስላሳ ጠርሙስ አወጡ፤ ወተት ነው። ከመጋዘናቸው ጀርባ ላም የሚያረባ ሰው አለ። «ገና ከጡቱ ነው፣ ብብቴ ውስጥ ሙቀቱን ጠብቄ ነው ያመጣሁት» አሉ። ከጎን ኪሳቸው ሁለት እንቁላል አወጡ፤ አንደኛው ላይ የደረቀ ኩስ፣ ኩሱ ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ ላባ ተጣብቃለች። ጎድጓዳ ሳህንና ማንኪያ አዘዙ። ራዲዮ ከመቼው ሮጣ ያንን የተቀቀለውን የልጅቷን ሳህንና ማንኪያ አምጥታ ሰጠቻቸው። እንቁላሉን ጠርዙ ላይ ሰበሩት፣ ቅርፊት ሲገባበት በጣታቸው አወጡት፣ ከወተቱ ጥቂት ገለበጡበት፣ ራዲዮ ከወጥ ቤት ያቀበለቻቸውን ማር ጨመሩበት፣ መቱት። አስኳሉ ተበጥብጦ ወተቱን አደፈረሰው፤ ነጩ ግን አልዋሃድ ብሎ እንደ ንፍጥ እየተጎተተ ከማንኪያው ላይ ተንጠለጠለ። ጉንጬ ልቅሶዋን ትታ ቁጭ አለች። ማሩ ሸቷታል።

«ጋሼ» አለች እናትየው፤ ድምፅዋ ከፈራችው በላይ ቀጥኖ ወጣ። «ሐኪሙ ጥሬ ነገር ከልክሏል።»

«ሐኪሙ ስንት ልጅ አሳድጓል?»

«ላፍላላትና ትጠጣ።»

«ሲፈላማ ጉልበቱ ይሄዳል፣ ምን ይቀረዋል?» አልተቆጡም። ደግ ፊት ነበራቸው፣ የሚያስጠላውም ይኸው ነበር። «እኔ እነዚህን ያሳደግኋቸው በዚህ ነው። አንድ ማንኪያ ነበረን። እንዳያቃጥላቸው እኔ እየቀመስኩ፣ በየተራ እያጎረስኩ። ጠይቂው፤ ባልሽን ጠይቂው። በኔ ምራቅ የሞተ አለ?» ራዲዮ «እውነት ነው» አለች፣ ዓይኗም እርጥብ ሆነ። የጋሼ ሚስት መሬት መሬቱን ያያሉ። «መድኃኒቱ ነገ ይገባል፣ ሰውየው ደውሎልኛል። እሱን ላበስራችሁ ብዬም ነው የመጣሁት» ብለው ጨመሩ ጋሼ፤ አስበውበት ይሁን ሳያስቡበት እንጃ።

እናትየው ወደ ባሏ ዞረች። እነግራቸዋለሁ ያለው ሰው እሱ ነው። ባልየው መጋረጃውን አየ፣ ወንድሙን አየ፣ ሰማያዊ ጣቶቹን አየ። «እንግዲህ» አለ፤ «አንድ ማንኪያ ምን ያደርጋል?»

ጠላችው። ከልጅነት ፍቅር ጀምሮ ያለውን ሁሉ አንድ ላይ ሰብስባ፣ እዚያው በቆመችበት ጠላችው። የምትጠላውን ሰው ደግሞ ለመጥላት እንኳ ጊዜ አልነበራትም፤ ጋሼ ማንኪያውን ሞልተው ወደ አፋቸው ወስደዋል። ቀመሱ ማለት ያንሰዋል፤ ከንፈራቸውን ማንኪያው ላይ አሳርፈው ጫፉን መጠጡት፣ ጢማቸው ላይ የቀረውን በምላሳቸው ላሱት። ከዚያ አሳሉ፤ አፋቸውን ለመሸፈን የተነሳው ማንኪያ የያዘው እጅ ነው። ማንኪያው ያን ሁሉ ይዞ ወደ ልጅቷ ሄደ። ጉንጬ ዓይኗን ጨፍና አፏን ከፈተች፤ ቀያዮቹ ቁስሎች ከዳር እስከ ዳር ታዩ። እናትየው እጃቸውን ብትይዝ ይከፋቸዋል፤ ብትደፋው ይከፋቸዋል፤ እምቢ ማለት መድኃኒት ሊያስቀር ይችላል። ጎንበስ አለችና ማንኪያውን በራሷ አፍ ተቀበለችው።

ጋሼ መጀመሪያ ሳቁ፤ ጨዋታ መስሏቸው ነው። «እናትየዋም ልጅ ሆነች!» አሉና ሌላ ማንኪያ ሞሉ፣ ቀመሱ፣ ዘረጉ። እሱንም ዋጠችው። በሦስተኛው ሳቁ ቆመ። የማንኪያው ጫፍ የሳቸው አፍ ሙቀት ነበረው፣ የትምባሆም ጣዕም። ወተቱ የብብት ሙቀት ነበረው። ነጩ ምላሷ ላይ አልቆረጥ ብሎ ግማሹ ሲወርድ ግማሹ ጉሮሮዋ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ጥርሷን ገጥማ ወደታች መለሰችው። ከዚያ ሳህኑን ከእጃቸው ወስዳ አፏ ላይ ደፋችው፣ ማንም እስኪናገር ሳትጠብቅ እስከ ዝቃጩ ጨለጠችው። ቅርፊት ከጥርሷ ሥር ተሰበረ። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አለች አፏን በመዳፏ ጠርጋ። «ጥሩ ነው።»

ጋሼ ባዶ እጃቸውን ትንሽ አዩና ተነሱ፣ ማስኩን ከአገጫቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። ራዲዮ «ከታመመ ልጅ አፍ!» አለች፣ «ከታመመ ልጅ አፍ እየነጠቁ መብላት! ዛሬ አየሁ» ብላ ነጠላ ጫማ ይመስል ምንጣፉን ስትረግጥበት በዋለችው የውጭ ጫማዋ ወጣች። ባልየው ሊሸኛቸው ተከተለ፤ ደረጃው ላይ ይቅርታው ሲንተባተብ ይሰማል። መጨረሻ የወጡት የጋሼ ሚስት ናቸው። አልጋው ሥር የቀረውን ጠርሙስ ጎንበስ ብለው አነሱ፤ ከግማሽ በላይ ወተት አለበት። ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱትና በሩን ከኋላቸው ገጥመው ዘጉት። ያንን በር በዚያ ቀን የዘጋው ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

እናትየው መታጠቢያ ቤት ገብታ የሆዷን ሁሉ አወጣች። ፊቷን ታጠበች፣ አፏን ታጠበች፣ እጇን ሁለት ጊዜ በሳሙና ፈተገች፤ ጣዕሙ ግን ከላንቃዋ አልሄደም። ስትመለስ የልጅቷን ራስ ጠርጋ ብብቷ ውስጥ ቴርሞሜትር አስገባች። አላተኮሳትም። ጉንጬ እንደተቀመጠች ናት፤ ባዶውን ሳህን ታቅፋለች።

«እማዬ፣ ይጣፍጣል?»

«አይ፣ ያስጠላል።»

«ጥሩ ነው አልሽ እኮ። ሁሉንም ጠጣሽው።» ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። «ለኔ ትንሽ እንኳ አላስቀረሽልኝም።»

ምን ብላ ትንገራት? ስለ ተሕዋስያን ሲስተሯ በሥዕል አሳይታታለች፣ ልጅቷም ታውቃለች፤ ግን ርቧታል፣ ማሩም ሸትቷታል፣ እናቷም ዓይኗ እያየ ጨርሳዋለች። «እንቁላሉ በስሏል» ብቻ አለቻት። ሳህኑን ተቀብላ ዳግም የፈላ ውሃ አፈሰሰችበት፤ ድርቅ ብሎ የተቀቀለውን እንቁላል መላጥ ስትጀምር ባሏ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ተመለሰ። «ኧረ በፍጹም ጋሼ» ይላል። «ንቀትማ አይደለም ጋሼ… እሷ? እርስዎን?» ጀርባውን ሰጥቷት ወደ መስኮቱ ተጠጋ። «ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ከሥራ መጥታ ሳትቀመጥ… አዎ… ርቧት ነው ጋሼ። ርቧት ነው።»

እንቁላሉ እጇ ላይ ቀረ። ጥሬው አስኳል ጉሮሮዋ ላይ ሲወርድ እንኳ እንዲህ አላንገፈገፋትም። ከስልኩ ውስጥ ሳቅ ተሰማ፣ ከሳቁ ቀጥሎ ሳል። ባልየው ትከሻው ረገብ ብሎ ዞረ፤ ፊቱ ላይ እፎይታ ነበር፣ ማፈር ቢኖር ኖሮ ደግ ነበር። «ሊያናግሩሽ ይፈልጋሉ» ብሎ ስልኩን ዘረጋላት።

«ምነው ልጄ» አሉ ጋሼ፣ ድምፃቸው እንደገና ደግ ሆኗል። «ርቦሽ ከሆነ ቀድመሽ አትነግሪኝም ነበር?»

አልጋው ላይ ጉንጬ የእንቁላሉን ነጭ እያየች ምራቋን ዋጠች።

«አዎ ጋሼ» አለች እናትየው፤ «ርቦኝ ነው።»

«አይዞሽ። ነገ መድኃኒቱን ባልሽ ከመደብሩ ይዞ ይመጣል። እኔ ደግሞ እሑድ ሁለት ጠርሙስ አመጣለሁ፤ አንዱ ያንቺ፣ አንዱ የጉንጬ።»

«ያምጡ ጋሼ» አለች። «ሁለቱም አይበዙብኝም።»

ስልኩን ለባሏ መለሰችና እጇን ልትታጠብ ሄደች።